የቶንጋ ሴት በእኅትነቷ ስለምታገኘው ክብር

ከኒውዚላንድ በስተሰሜን ምሥራቅ፤ በሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ፤ ቶንጋ የሚባል የንጉሥ አገር አለ። ደሴቶቹ 170 ያህል ናቸው፤ ሕዝቡም ወደ 100 ሺሕ ይጠጋል። አገሩ ትንሽ ቢሆንም የሴቶቹ ነገር ለክቡራት አንባቢዎቻችን ሳይገለጽ ሊታለፍ አይገባውም።

በብዙ አገር ሴት የምትከበረው በባሏ ወይም በልጆቿ ነው። የቶንጋ ሴት ግን ከሁሉ አስቀድማ የምትከበረው በእኅትነቷ ነው። ወንድሟ በዕድሜ ቢበልጣት እንኳ በማዕረግ ከርሷ በታች ነው፤ በፊቷም ነውር ያለበት ነገር አይናገርም። በቀድሞው ልማድ ልጆች ካደጉ በኋላ ወንድምና እኅት በአንድ ጣራ ሥር አያድሩም ነበር። የአባት እኅት «መሄኪታንጋ» ትባላለች፤ የወንድሟም ልጆች እጅግ ያከብሯታል። በሠርግና በልቅሶ ቀን «ፋሁ» ተብላ በክብር ስፍራ ትቀመጣለች፤ ከቀረበውም ስጦታ መልካም መልካሙ የርሷ ነው።

ይህ ሥርዓት በቋንቋው ውስጥ ሥር ሰድዷል። ወንድ እኅቱን የሚልበት ቃል «ቱኦፈፊኔ» ሲሆን፤ ሴት እኅቷን የምትልበት ቃል ግን ሌላ ነው። የእናት ወንድም «ፋኤታንጋታ» ይባላል፤ ትርጓሜውም ወንድ እናት ማለት ነው። ደግሞም ሄደ ለማለት ለተራ ሰው «አሉ»፤ ለመኳንንት «ሜአ»፤ ለንጉሥ «ሃኤሌ» ይባላል። እንግዲህ ቃሉን ያላወቀ ልጅ ማን ከማን በላይ እንደ ሆነ በምን ያውቃል?

የሴቶቹም የእጅ ሥራ ከዚሁ ክብር የማይለይ ነው። የዛፍ ልጥ በእንጨት መዶሻ ቀጥቅጠው «ንጋቱ» የሚባለውን ሰፊ ጨርቅ ያበጃሉ፤ ከቅጠልም ሰሌን ያታታሉ። ይህም «ኮሎዋ» ይባላል፤ ሀብት ማለት ነው። በወገብ የሚታጠቀው ሰሌን «ታኦቫላ» ሲሆን፤ በልቅሶ ቀን ለቀስተኛው ከሟቹ ጋር ያለውን ዝምድና ይናገራል። ስለዚህ አንዲቱ ሴት በወንድሟ ቀብር ከፍ ብላ ትቀመጣለች፤ በአባቷ እኅት ቀብር ግን ትልቅና ሻካራ ሰሌን ታጥቃ ዝቅ ትላለች።

ከ1918 እስከ 1965 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር የነገሡት ንግሥት ሳሎቴ ቱፖው፤ ራሳቸው ባለ ቅኔ ነበሩ። በ1953 የሴቶችን የእጅ ሥራ የሚያስፋፋውን «ላንጋፎኑዋ» የተባለውን ማኅበር አቋቋሙ።

ይሁን እንጂ ክብሩ እስከ መሬት አይደርስም። በሕጉ የመሬት ርስት የሚተላለፈው በወንድ ልጅ ነው፤ መበለት በሕይወቷ ሳለች ልትይዘው ብትችልም ሌላ ባል ካገባች ይቀርባታል። በማዕረግ የምትበልጠው እኅት በወንድሟ መሬት ላይ እንግዳ ትሆናለች ማለት ነው። ንግሥት በነገሠችበት አገር ይህ መሆኑ ያስደንቃል።

ዛሬ ደግሞ ብዙ የቶንጋ ሰዎች በኒውዚላንድ፤ በአውስትራልያና በአሜሪካ ይኖራሉ። በኦክላንድ ከተማ ልጡ እንደ ልብ ስለማይገኝ ሴቶች ተሰብስበው ከሱቅ በተገዛ ጨርቅ ንጋቱ ይሠራሉ፤ ሥርዓቱንም በዚሁ ይፈጽማሉ። ለጨርቁ ምትክ ተገኘለት፤ በዚያ ተወልዳ በእንግሊዝኛ ያደገች ልጅ ግን በወንድሟ ልጅ ሠርግ ላይ ፋሁ ሆና በተቀመጠች ጊዜ፤ ሽማግሌው ቆሞ ስለርሷ የሚናገረውን ከጎኗ ያለችው አክስቷ በጆሮዋ ካልተረጐመችላት በቀር አታውቀውም።