ጥቃቅን የናፍጣ መኪና ጥገና፤ በወኪል ጋራዥ ወይስ በሰፈር ጋራዥ?

በቤታችን የሚበላውም የሚለበሰውም፥ የእኔና የታናሽ እኅቴ የትምህርት ወጪም የሚገኘው ከአንዲት አሮጌ የናፍጣ ሚኒባስ ነው። አባቴ ይህችን መኪና በአዲስ አበባ የታክሲ መሥመር ላይ ይነዷታል፤ እርስዋ ስትቆም የቤታችንም ኑሮ አብሮ ይቆማል። ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር ዐሥራ አንድ ቀን ቆማ ነበር። ጥፋቱ በመጨረሻ ሲገኝ ግን ከመካከለኛ ጣት የማይረዝም የጎማ ቱቦ መሰንጠቅ ሆነ። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝም ይኸው ነው። የናፍጣ መኪና ትንሽ ብልሽት ሲያገኘው ወደ ወኪሉ ጋራዥ መሄድ ይሻላል ወይስ ወደ ሰፈር ጋራዥ? ጓደኞቼም ሆኑ ወላጆች ይህን ጥያቄ በወሬ ሳይሆን በሒሳብ እንዲመለከቱት እፈልጋለሁ።

በቅድሚያ ስለ ናፍጣ ሞተር ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፤ ያለዚያ ሒሳቡ አይገባንም። ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1892 ለሐሳቡ የባለቤትነት መብት ጠይቆ፥ በ1897 በአውግስቡርግ ከተማ በሚገባ የሚሠራ ሞተር አሳየ። የዚህ ሞተር ልዩ ጠባይ ብልጭታ የሚሰጥ ካንዴላ የሌለው መሆኑ ነው። ፒስተኑ የሚያምቀው አየሩን ብቻ ነው፤ በቀድሞዎቹ የመኪና ሞተሮች አየሩ ከ20 እስከ 22 እጥፍ ያህል ስለሚታመቅ ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይደርሳል። በዚህ ጊዜ ኖዝል የሚባለው ዕቃ ናፍጣውን እንደ ጉም አድርጎ ሲረጨው ናፍጣው በራሱ ይቀጣጠላል። እንግዲህ ሞተሩ የሚፈልገው በደንብ የታመቀ አየር፥ ንጹሕ ናፍጣና ትክክለኛ የመርጫ ሰዓት ነው። ጥቃቅን ከምንላቸው ብልሽቶች ብዙዎቹ የሚመጡት ከነዚህ አንዱ ሲጎድል ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ስለሆነች፥ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ያንሳል። በኅዳርና በታኅሣሥ ማለዳ ደግሞ ብርዱ ይጨመርበታል። የሳሳና የቀዘቀዘ አየር ቢታመቅም የሚፈለገውን ያህል ቶሎ አይግልም። ስለዚህ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ከመነሣቱ በፊት ክፍሉን የሚያሞቅ የማሞቂያ ካንዴላ አለ። በቀን ያለ ችግር የምትነሣ መኪና ጠዋት ጠዋት እምቢ ስትል ብዙ ሰው ወዲያው ወደዚህ ዕቃ የሚያመለክተው በዚህ ምክንያት ነው።

የጢሱን ቀለም ማየት ገንዘብ የማይከፈልበት ምርመራ ነው። ነጭ ጢስ አብዛኛውን ጊዜ ሳይቃጠል የወጣ ናፍጣ ነው፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካላቆመ ግን ውሃ ወደ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጢስ ናፍጣው ከአየሩ መብለጡን፥ ብዙ ጊዜም የአየር ፊልትሮው በአቧራ መዘጋቱን ወይም ኖዝሉ መንጠባጠቡን ያመለክታል። ሰማያዊ ጢስ ከሆነ የሞተር ዘይት እየተቃጠለ ነውና ነገሩ ከጥቃቅን ተርታ ይወጣል።

አሁን ወደ ዐሥራ አንዱ ቀን ልመለስ። መኪናችን ጠዋት ለመነሣት ታስቸግር፥ ነጭ ታጤስ፥ በመንገድም ላይ ሰው እንደ ጫነች ትጠፋ ነበር። አባቴ ሁልጊዜ ወደሚሄዱበት የሰፈር ጋራዥ ወሰዷት። መካኒኩ ጥቂት ካዳመጠ በኋላ፥ «ጋሼ፥ ፖምፓው ደክሟል» አለ። ፖምፓው ተፈትቶ ፖምፓ ወደሚታደስበት ቤት ሄደ፤ ታድሶ፥ ተመልሶ እስኪገጠም አምስት ቀን ሆነ። መኪናዋ ግን አልተሻላትም። በስድስተኛው ቀን አራቱም የማሞቂያ ካንዴላዎች ተለወጡ፤ አሁንም ለውጥ የለም። አባቴ ተስፋ ቆርጠው ወደ አንድ የወኪል ጋራዥ ደወሉ፤ የተሰጣቸው ቀጠሮ ከአራት ቀን በኋላ ነበር።

በቀጠሮው ቀን አንድ ወጣት ቴክኒሺያን ወደ ፖምፓው የሚገባውን ቱቦ ፈትቶ በቦታው ውስጡ የሚታይ የላስቲክ ቱቦ አስገባ። ሞተሩ ሲነሣ በቱቦው ውስጥ የአየር አረፋዎች እንደ ዶቃ ተከታትለው ሲያልፉ በዐይናችን አየን። ይህ ሁሉ የፈጀው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። የዚህ ዐይነቱ ፖምፓ ናፍጣውን ከታንከሩ የሚስበው በመምጠጥ ስለሆነ፥ በመጪው መሥመር ላይ ያለ ስንጥቅ ናፍጣ ወደ ውጭ ላያንጠባጥብ ይችላል፤ አየር ወደ ውስጥ ያስገባል እንጂ። በተሰነጠቀ ቀሰም ለስላሳ ለመጠጣት የሞከረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ለዚህም ነው ከሥር ምንም እርጥበት ያልታየው፥ መካኒኩም ቱቦውን ያልጠረጠረው።

ወኪሉም ቢሆን ከነቀፌታ አያመልጥም። ለጥገናው ያቀረበው የዋጋ ግምት ሙሉውን የናፍጣ መሥመር ከነማያያዣው መለወጥን የሚጨምር ሲሆን፥ ዕቃው ከውጭ እስኪመጣ ብዙ ሳምንት እንደሚቆይ ተነገረን። አባቴ የምርመራውን ዋጋ ከፍለው፥ አመስግነው ወጡ። ናፍጣ የሚችል ቱቦና ሁለት ፋሼታ ከሶማሌ ተራ ገዝተው እዚያው ሰፈር አስገጠሙ። ማታ መኪናዋ ሥራ ጀመረች።

አባቴ ወጪያቸውን ሁሉ በደብተር ይጽፋሉ። ደብተሩን ተቀብዬ ስደምረው በጣም የገረመኝ ነገር አገኘሁ። ከጠቅላላው ወጪ ትልቁ ክፍል ለፖምፓው ዕድሳት የተከፈለው ነው፤ ቀጥሎ የማሞቂያ ካንዴላዎቹ፤ ከዚያ የወኪሉ የምርመራ ክፍያ፤ ለቱቦው፥ ለፋሼታዎቹና ለመካኒኩ እጅ የዋለው ከሁሉ ያነሰ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን በደብተሩ የወጪ ዐምድ ላይ አልተጻፈም። እርሱም ዐሥራ አንድ ቀን ያልገባው የታክሲ ገቢ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው ብዙ ጊዜ በተሳሳተ መንገድ ይቀርባል ብዬ አምናለሁ። ሰው ሁሉ «ወኪል ውድ ነው፥ ሰፈር ርካሽ ነው» ይላል። በሰዓት ዋጋ ሲታይ እውነት ነው። ነገር ግን ምርመራና ጥገና ሁለት የተለያዩ ግዢዎች ናቸው፤ ሁለቱንም ከአንድ ቤት መግዛት ግዴታ አይደለም። በግምት የተለወጠ ዕቃ ሁሉ ዋጋው የማይታይ ምርመራ ነው፤ ከዚያም ከሁሉ የሚወደደው እርሱ ነው።

የወኪሉ ሒሳብ ለምን እንደሚወደድ መረዳትም ፍትሐዊ ነው። በደረሰኙ ላይ የዕቃው ዋጋ፥ የሥራው ሰዓት፥ ዘይትና ማጽጃን የመሳሰሉት፥ በመጨረሻም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይሰፍራሉ። የሥራው ሰዓት ብዙውን ጊዜ ቴክኒሺያኑ በእውነት የፈጀው ሳይሆን፥ መኪናውን የሠራው ፋብሪካ ለያንዳንዱ ሥራ በመጽሐፍ የወሰነው ነው። ከዚህ ውስጥ የሕንፃው ኪራይ፥ የመሣሪያው፥ የሠራተኛው ሥልጠናና የዕቃ ግምጃ ቤቱ ወጪ ይሸፈናል። ሥራው ቢበላሽ ይዞ የሚመለሱበት ወረቀት አለ። በሰፈር ጋራዥ ግን ዋጋው በቃል ይነገራል፥ በቃል ይቀነሳል፤ ዕቃውንም የሚገዛው ባለ መኪናው ነው። ይህ ነጻነት ነው፤ ነገር ግን የተገዛው ዕቃ አስመስሎ የተሠራ ሆኖ ቢገኝ መካኒኩ «እኔ አልገዛሁትም» ለማለት መብት ያገኛል።

በዕቃ ረገድ ግን ለቤተ ሰብ ትልቁ ቁጠባ የሚገኝበት አንድ እውነት አለ። የመኪና ፋብሪካዎች ፖምፓና ኖዝልን የመሳሰሉ ዕቃዎችን በአብዛኛው የሚገዙት እንደ ጀርመኑ ቦሽና እንደ ጃፓኑ ዴንሶ ካሉ ኩባንያዎች ነው። ቦሽ የናፍጣ ፖምፓን በብዛት መሥራት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1927 ነበር። ስለዚህ ከአንድ ፋብሪካ የወጣ ዕቃ በመኪናው ስም በታሸገ ካርቶንም፥ በሠሪው ስም በታሸገ ካርቶንም ሊገኝ ይችላል፤ ሁለተኛው አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በብር ሲታሰብ ስለተወደደ ይህን ማወቅ ቀላል ጥቅም አይደለም። በዚያው በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ስላስታወቀ፥ በእጅ ያለችውን መኪና ጠግኖ ማቆየት ለብዙ ቤተ ሰብ አማራጭ የሌለው ነገር ሆኗል።

የትኛው ሥራ ለማን ይሰጥ? የዘይትና የፊልትሮ ለውጥ፥ ቺንጋ፥ ቱቦ፥ ባትሪ፥ ከናፍጣ ፊልትሮ ሥር የተጠራቀመ ውሃ ማውጣት፤ እነዚህ የእጅና የኪያቤ ሥራዎች ናቸው። ጠንቃቃ የሰፈር መካኒክ ከወኪሉ ባላነሰ ይሠራቸዋል፤ ለነዚህ የወኪል ዋጋ መክፈል ለእኔ ገንዘብ መጣል ነው። የማሞቂያ ካንዴላም ከነዚህ ጋር ይቆጠራል፤ ሆኖም በአሮጌ ሞተር ላይ ለዓመታት ተጣብቆ የቆየ ካንዴላ ሲፈታ በቴስታታው ውስጥ ሊሰበር ይችላል፤ ቁራጩን ማውጣት ደግሞ ከካንዴላው ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስወጣል። «ቢሰበር የማን ዕዳ ነው?» ብሎ መጠየቅ ቁልፉ ከመዞሩ በፊት ነው።

ከ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ወዲህ በተስፋፉት በኮምፒዩተር በሚታዘዙ የናፍጣ ሞተሮች ላይ ግን ነገሩ ይለወጣል። ባለ ሜካኒካል ፖምፓ ሞተር፥ ለምሳሌ ሕዝብ «ዶልፊን» በሚለው የቀድሞ ሚኒባስ ላይ ያለው፥ ኖዝሉ ከ100 እስከ 150 ባር ገደማ በሚደርስ ግፊት ይከፈታል። በኮምፒዩተር በሚታዘዘው ሞተር ግን ግፊቱ ከ1,000 ባር ያልፋል፤ በአዳዲሶቹም 2,000 ባር ይደርሳል። ይህ ግፊት የሰውን ቆዳ በስቶ ናፍጣ ወደ ሥጋ የሚያስገባ ስለሆነ፥ ሞተሩ እየሠራ መሥመሩን ፈትቶ መሞከር፥ በአሮጌዎቹ ላይ የተለመደው ዘዴ፥ እዚህ ለሕይወት ያሰጋል። ከዚህም በላይ በብዙዎቹ ላይ አዲስ ኖዝል ሲገጠም በላዩ የተጻፈው ኮድ ወደ ኮምፒዩተሩ መግባት አለበት፤ ይህን የሚያደርግ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ ሥራውን ጀምሮ አይጨርሰውም።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዛሬ ትንንሽ የኮድ ማንበቢያዎች በሰፈር ጋራዥም ይገኛሉ። ማንበቢያው ለምሳሌ «ፒ 0087» ብሎ ቢጽፍ፥ ትርጉሙ በመሥመሩ ውስጥ ያለው የናፍጣ ግፊት አነሰ ማለት ነው። ፖምፓው ተበላሽቷል ማለት አይደለም። የተዘጋ ፊልትሮም ይህንኑ ቁጥር ያስጽፋል። ቁጥሩን አይቶ ፖምፓ የሚያዝዝ ሰው፥ በወኪል ቤት ነጭ ካፖርት ቢለብስም፥ ከሰፈራችን መካኒክ የተለየ ሥራ አልሠራም።

ዋስትናው ገና ያላለቀ መኪና ያላቸው ወላጆች ደግሞ የዋስትናውን ወረቀት አስቀድመው ያንብቡ። የአውሮፓ ኅብረት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው 1400/2002 በተባለው ደንብ፥ የመኪና ፋብሪካዎች የጥገና መረጃቸውን ለገለልተኛ ጋራዦችም እንዲሰጡ አስገድዶ ነበር። እኛ ዘንድ የሚያዋጣው ግን በእጅ ባለው ወረቀት ላይ የተጻፈው ነው።

አባቴ ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ያደርጋሉ። ዕቃ ከመለወጡ በፊት «በምን አወቅኸው?» ብለው ይጠይቃሉ፤ የተለወጠውን አሮጌ ዕቃ ተቀብለው ይይዛሉ፤ ቀኑንና ኪሎ ሜትሩንም በደብተራቸው ይጽፋሉ። በጋቢናው ኪስ ውስጥም አንድ ክንድ የሚሆን ውስጡ የሚታይ ቱቦ አይጠፋም። በሚያዝያ ወር ተራ ላይ አንድ ሾፌር መኪናው ነጭ እያጤሰ እምቢ ሲለው አውጥተው አበደሩት። ቱቦው ተገጠመ፤ አረፋ ግን አልታየበትም። የእርሱ ጥፋት ሌላ ነበር፤ ከአራቱ የማሞቂያ ካንዴላዎች ሦስቱ ተቃጥለው ተገኙ።