የአባትነት ምስጢር በእንስሳትና በዕፅዋት ዘንድ

የአንድን እንስሳ እናት ለይቶ ማወቅ አብዛኛውን ጊዜ አያዳግትም። ላም ጥጃዋን በዓይናችን ፊት ትወልዳለች፤ ወፍም በጎጆዋ ዕንቁላል ጥላ ትታቀፋለች። አባትን ማወቅ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። ስሪያው ከወሊዱ ብዙ ቀናት ወይም ወራት አስቀድሞ፣ ብዙውን ጊዜም ሰው በማያይበት ስፍራ የሚፈጸም በመሆኑ፣ አባትነት በግምት እንጂ በማስረጃ ሲታወቅ አልኖረም። በዕፅዋት ዘንድ ነገሩ የባሰ ነው። የፍሬው እናት ፍሬውን የተሸከመችው ዛፍ እንደ ሆነች ግልጽ ነው፤ አባቱ ግን ነፋስ ወይም ነፍሳት ብናኙን ካመጡበት፣ የት እንዳለ ከማይታወቅ ሌላ ዛፍ ሊሆን ይችላል።

የተፈጥሮ ተመራማሪዎች ለረጅም ዘመን ወፎችን የታማኝ ጥንዶች ምሳሌ አድርገው ይመለከቷቸው ነበር። እንግሊዛዊው የወፍ ሊቅ ዴቪድ ላክ እ.ኤ.አ. በ1968 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ከወፍ ዝርያዎች መካከል ከመቶ ከ90 የሚበልጡት አንዱ ወንድ ከአንዲት ሴት ጋር ተጣምረው የሚኖሩ ናቸው ሲል ገልጾ ነበር። ላክ ያየውን አልተሳሳተም፤ ወንዱና ሴቷ በእርግጥ አብረው ጎጆ ይሠራሉ፣ አብረው ጫጩት ይመግባሉ። ሊታይ ያልቻለው ነገር፣ በጎጆው ውስጥ ያሉት ጫጩቶች ሁሉ የዚያ ወንድ ልጆች መሆናቸው ወይም አለመሆናቸው ነበር።

ጥርጣሬ ካሳደሩት ሙከራዎች አንዱ የተካሄደው ለሌላ ጉዳይ ነው። በሰሜን አሜሪካ ሰብል በማጥፋት የታወቀ፣ በክንፉ ላይ ቀይ ምልክት ያለው ጥቁር ወፍ አለ። ወንዶቹን በማምከን ቁጥሩን መቀነስ ይቻል እንደ ሆነ ለመመርመር፣ ተመራማሪዎች አንዳንድ ወንዶችን በቀዶ ሕክምና አምክነው ወደየክልላቸው ለቀቋቸው። እ.ኤ.አ. በ1975 የታተመው የሙከራው ውጤት አስገራሚ ነበር፤ በመካኖቹ ወንዶች ክልል ውስጥ የሚኖሩት ሴቶች ከጣሏቸው ዕንቁላሎች ብዙዎቹ ጽንስ የያዙ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ ሴቶቹ ከጎረቤት ወንዶች ጋር ይገናኙ ነበር ማለት ነው። ይሁን እንጂ የእያንዳንዱ ጫጩት አባት ማን እንደ ሆነ የሚነግር መሣሪያ ገና አልተገኘም ነበር።

መሣሪያው የተገኘው በእንግሊዝ አገር በሌስተር ዩኒቨርሲቲ ነው። አሌክ ጄፍሪስ የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በመስከረም 1984 በቤተ ሙከራው ውስጥ ያነሣውን የራጅ ፊልም ሲመለከት፣ የእያንዳንዱ ሰው ዲ.ኤን.ኤ. ከሌላው ሰው የሚለይበት የመስመሮች ቅንብር እንዳለውና፣ ልጅ ከመስመሮቹ ከፊሉን ከእናቱ፣ ከፊሉን ከአባቱ እንደሚወርስ ተገነዘበ። ግኝቱ «የዲ.ኤን.ኤ. አሻራ» ተባለ። የሚገርመው፣ በ1985 መጀመሪያ ሥራ ላይ የዋለው አባትን ሳይሆን እናትን ለማረጋገጥ ነው፤ ከጋና ወደ እንግሊዝ የመጣ አንድ ልጅ የእናቱ ልጅ መሆኑን የአገር መግቢያ ሹማምንት በመጠራጠራቸው፣ ምርመራው ልጅነቱን አረጋገጠለት። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላ ይኸው ዘዴ ወደ ወፎች ተሻገረና፣ በ1987 ስለ ቤት ድንቢጦች የተደረጉ ጥናቶች ታተሙ።

ዘዴው እንዴት እንደሚሠራ በምሳሌ እንመልከት። በዲ.ኤን.ኤ. ረጅም ክር ላይ አንድ አጭር ቃል ደጋግሞ እንደ ተጻፈ ያህል የሚደጋገሙ ቁርጥራጮች አሉ፤ እነዚህም ማይክሮሳተላይት ይባላሉ። የድግግሞሹ ብዛት ከግለሰብ ወደ ግለሰብ ይለያያል። እያንዳንዱ እንስሳ በአንድ ስፍራ ሁለት ቁጥሮች አሉት፤ አንዱን ከእናቱ፣ ሌላውን ከአባቱ ወርሷል። አንዲት እናት 12 እና 15፣ ልጅዋ ደግሞ 12 እና 19 ቢኖራቸው፣ 12ቱ ከእናት እንደ መጣ፣ 19ኙም ከአባት እንደ ሆነ እንረዳለን። እንግዲህ 14 እና 17 ያለው ወንድ አባት ሊሆን አይችልም። 19 ያለው ወንድ ግን አባት ሊሆን ይችላል እንጂ አባት ነው አይባልም፤ 19 ያላቸው ሌሎች ወንዶች በአካባቢው ሊኖሩ ይችላሉና። ስለዚህ ምርመራው በአንድ ስፍራ ብቻ ሳይወሰን በብዙ ስፍራዎች ይደገማል፤ በየደረጃው የማይመጥኑት እየወደቁ፣ በመጨረሻ አንድ ወንድ ብቻ ይቀራል። አልፎ አልፎም አንድም ሳይቀር ይገኛል፤ ይህ ሲሆን አባትየው ተመራማሪዎቹ ናሙና ካልወሰዱበት ቦታ የመጣ መሆኑን ያመለክታል።

በዚህ ዘዴ በአውስትራሊያ ካንቤራ አካባቢ የተጠናች አንዲት ትንሽ ሰማያዊ ወፍ የቀድሞውን እምነት ክፉኛ አናጋችው። ወንዱና ሴቷ ከረዳቶቻቸው ጋር ሆነው በአንድ ክልል የሚኖሩ ሲሆኑ፣ በ1994 በታተመው ጥናት ከአራት ጫጩቶች ሦስቱ ያህሉ የሌላ ክልል ወንድ ልጆች ሆነው ተገኙ። ከዚህ በኋላ ተመራማሪዎች ሁለት ነገሮችን ለይተው መናገር ግድ ሆነባቸው፤ ይኸውም አብሮ መኖር አንድ ነገር፣ ዘር ማፍራት ሌላ ነገር መሆኑን ነው። በአንድ ጎጆ መኖር የጋራ ልጅ ስለ መውለድ ምስክር አይሆንም።

ይህ ማለት ግን ታማኝነት የሚባል ነገር በዱር የለም ማለት አይደለም። ከእንሹ ወገን የሆነች አንዲት ትንሽ የዱር እንስሳ በደቡባዊ አፍሪካ ተጠንታ፣ በ1997 በቀረበው ውጤት መሠረት ከጥንዱ ውጭ የተወለደ ግልገል አልተገኘባትም። ይልቁንም የሚያስደንቀው፣ ወንዱ ግልገሉን በማሳደግ ረገድ እምብዛም የማይረዳ መሆኑ ነው። ሚስቱን ጥላ እንደማይለይ ይከተላታል፤ ከእርስዋም አይርቅም። ታማኝነቱ ከጥበቃ የመነጨ እንጂ ከአባታዊ እንክብካቤ የመነጨ አይመስልም።

የእኛው ጭላዳም በዚህ ረገድ የምትነግረን ነገር አላት። በሰሜን ተራሮች ጭላዳዎች አንድ መሪ ወንድና ጥቂት ሴቶች ባሉበት ቤተሰብ ይኖራሉ። በአንዳንዱ ቤተሰብ ግን ከመሪው ሌላ «ተከታይ» የሚባሉ ወንዶች ይገኛሉ። መሪው እነዚህን ለምን አያባርራቸውም? በ2012 የታተመው የዘረመል ጥናት መልስ ሰጥቷል። ተከታይ በሌለበት ቤተሰብ ግልገሎቹ ሁሉ የመሪው ልጆች ናቸው፤ ተከታይ ባለበት ግን ከመቶ 83ቱ የመሪው ሲሆኑ፣ ቀሪዎቹ 17ቱ የተከታዮቹ ናቸው። ሆኖም ተከታይ ያለው መሪ ሥልጣኑን ከሚቀሙ እንግዳ ወንዶች ራሱን በተሻለ ሁኔታ ስለሚከላከል፣ በመሪነት የሚቆይበት ዘመን ይረዝማል። ጥቂት ልጆችን ለተከታይ ለቅቆ ብዙ ዘመን መግዛት፣ ሁሉንም ይዞ ቶሎ ከመውረድ ይሻላል ማለት ነው።

ወደ ዕፅዋት እንለፍ። በናሚቢያ በረሃ በኡጋብ ወንዝ ዳር የሚበቅሉ የባምባ ዛፎች፣ ርዝመቷ ሁለት ሚሊሜትር እንኳ በማትሞላ ተርብ መሰል ነፍሳት አማካይነት ብናኝ ይለዋወጣሉ። ይህች ነፍሳት ከፍሬው ከወጣች በኋላ በሕይወት የምትቆየው ሁለት ቀን ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ርቃ አትሄድም ቢባል ማንም አይፈርድም ነበር። የዘሮቹ አባቶች ተመርምረው በ2009 ውጤቱ ሲገለጽ ግን፣ አንዳንዱ አባት ከእናቲቱ ዛፍ 160 ኪሎ ሜትር ርቆ የቆመ ሆኖ ተገኘ፤ ይህም ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ካለው መንገድ ይበልጣል። ትንሿ ነፍሳት በክንፏ ሳይሆን በነፋስ ላይ ተሳፍራ ነበር የምትጓዘው።

ጤፍ የዚህ ፍጹም ተቃራኒ ነው። የጤፍ አበባ ወንዴውንና ሴቴውን በአንድነት የያዘ ሲሆን፣ ራሱን በራሱ ያዳቅላል፤ ከሌላ ተክል ብናኝ የሚቀበለው ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ የአንድ ጤፍ እናትና አባት ያው አንድ ተክል ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ለገበሬው ይህ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ነጭ ጤፍ የዘራ፣ ከጎረቤቱ ማሳ ቀይ ጤፍ ቢኖርም ነጭ ያመርታል፤ ዘሩንም ከዓመት ዓመት ያቆያል። በቆሎ የዘራ ገበሬ ይህን ያህል ሊተማመን አይችልም። ለተመራማሪው ግን ይኸው ጠባይ ለብዙ ዘመን እንቅፋት ሆኖ ኖረ፤ ራሱን የሚያዳቅልን ተክል ከሌላ ጋር ማዳቀል አስቸጋሪ ነውና። በ1970ዎቹ ዶክተር ታረቀ በርሄ የጤፍ አበባ ማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 እስከ 1 ሰዓት ከ30 ባለው ጊዜ ለጥቂት ደቂቃዎች እንደሚከፈት በማግኘታቸው መንገዱ ተከፈተ። በ2006 ከደብረ ዘይት የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ጤፍ፣ «ዱከም» እና «ማኛ» ከሚባሉት ሁለት ዓይነቶች በዚሁ መንገድ የተዳቀለ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር ማለት ይገባል። «ማዳቀል» እና «ዲቃላ» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው። ገበሬ የተዳቀለ ዘር ሲል ያወድሳል፤ ሰው ዲቃላ ሲባል ግን ይሰደባል። በሳይንስ አነጋገር ቃሉ ውዳሴም ስድብም የለበትም፤ የሁለት ልዩ ልዩ ዝርያዎች ወይም ዓይነቶች ልጅ ማለት ብቻ ነው። ቢሆንም ዲቃላነት ራሱ አንድን ዝርያ ለአደጋ የሚዳርግበት ጊዜ አለ፤ የአባትነት ምርመራም ለአገራችን ትልቅ ትርጉም የሚያገኘው በዚህ ጉዳይ ነው።

ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ከፍተኛ ተራሮች ላይ ብቻ የሚገኝ እንስሳ ነው። በመላው ዓለም ያሉት አዋቂዎች ቁጥር 500 አይሞላም፤ ከእነዚህም ከግማሽ የሚበልጡት በባሌ ተራሮች ይኖራሉ። ስሙ ቀበሮ ቢሆንም የዘረመል ምርመራ ይበልጥ ወደ ተኩላ እንደሚቀርብ አሳይቷል። ቀን ቀን ፍልፈልና አይጥ እያደነ ለየብቻው ይውላል፤ ንጋትና ምሽት ላይ ግን ጓዱ ተሰብስቦ ድንበሩን ይጠብቃል። በጓዱ ውስጥ በዓመት አንድ ጊዜ የምትወልደው ዋናዋ ሴት ናት፤ ሌሎቹ ቡችሎችዋን በመመገብና በመጠበቅ ይረዷታል።

ወንዶቹ በተወለዱበት ጓድ ይቀራሉ፤ አካባቢው በሌሎች ጓዶች ስለ ተያዘ የሚሄዱበት የላቸውም። ከጓዳቸው የሚለዩት አንዳንድ ሴቶች ናቸው። በዚህ ሁኔታ የጓዱ አባላት በጊዜ ብዛት የቅርብ ዘመዳሞች ይሆናሉ፤ ዘመድ ከዘመድ ቢሳረርም ደካማ ልጅ ይወለዳል። ዋናዋ ሴት ለዚህ መፍትሔ አላት። በባሌ በተደረገና በ1996 በታተመ የዓይን ምልከታ፣ ከታዩት ስሪያዎች መካከል ከመቶ 70 ያህሉ ከጎረቤት ጓድ ወንዶች ጋር የተፈጸሙ ነበሩ። በ2007 የታተመው የዘረመል ጥናት ግን አባታቸው ከታወቀ ቡችሎች ውስጥ የጎረቤት ወንድ ልጆች የሆኑት ከመቶ 28 ያህሉ መሆናቸውን አመለከተ። ሁለቱ ጥናቶች የተደረጉት በተለያዩ ዓመታት ስለ ሆነ ቁጥሮቹን አንድ ለአንድ ማነጻጸር አይገባም፤ ቢሆንም የታየ ስሪያ ሁሉ ልጅ እንደማያስገኝ፣ ዓይን ብቻውንም በቂ ምስክር እንዳልሆነ ያስረዳሉ።

ይህ ከጓድ ውጭ የመሳረር ጠባይ ለዘመናት ዝርያውን ከዘመድ መዳቀል ሲጠብቀው ኖሯል። የሰው መንደር ወደ ተራራው እየወጣ ሲመጣ፣ እረኞች ውሾቻቸውን ይዘው ሲሰፍሩ ግን፣ ያው ጠባይ ለሌላ እንግዳ በር ከፈተ። በባሌ የወብ ሸለቆ አፋቸው አጠር፣ ገላቸው ደንደን ያለ፣ የጠጉራቸው ቀለምም ያልተለመደ ቀበሮዎች ታዩ። በ1994 የታተመው ምርመራ ጥያቄውን በሁለት አቅጣጫ ያዘው። በሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባል ክፍል አለ፤ የዚህ ዲ.ኤን.ኤ. የሚወረሰው ከእናት ብቻ ነው። ከተጠረጠሩት እንስሳት የተገኘው የማይቶኮንድሪያ ዲ.ኤን.ኤ. ያለ ጥርጥር የቀይ ቀበሮ ነበር። ማይክሮሳተላይቶቻቸው ሲመረመሩ ደግሞ በንጹሕ ቀበሮ ዘንድ የማይገኙ፣ የውሻ የሆኑ ቁጥሮች ተገኙ። ስለዚህ እናታቸው ቀበሮ፣ አባታቸው የመንደር ውሻ ነበር። ዲቃሎቹ በእናታቸው ጉድጓድ ተወልደው፣ በእናታቸው ጓድ መካከል ስለሚያድጉ፣ የውሻው ዘር በቀጥታ ወደ ዱሩ ዝርያ ውስጥ ይገባል።

በዚያው ጥናት ውሻ ከማይበዛበት ከሳነቲ አምባ በተወሰዱት ናሙናዎች የውሻ ዘር አልተገኘም። በዚህ ምክንያት የጥበቃ ሥራው ውሾቹ ላይ አተኮረ፤ በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በፓርኩና በአካባቢው ያሉ ውሾችን ሲከትብ ቆይቷል። ክትባቱ በተለይ ያስፈለገው ውሻ ከዘሩ ሌላ የእብድ ውሻ በሽታንም ወደ ቀበሮዎቹ የሚያስተላልፍ በመሆኑ ነው፤ በሽታው በ1991 እና 1992፣ እንደገናም በ2003 በባሌ ብዙ ቀበሮዎችን ፈጅቷል። ዲቃሎቹን መለየት ግን ከክትባት ይልቅ ይከብዳል። የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ በመልኩ ሊታወቅ ይችላል፤ ተመልሶ ከንጹሕ ቀበሮ ጋር የተሳረረ ዲቃላ የሚወልደው ግን ቀይ ጠጉርና ቀጭን አፍ ይዞ፣ ለጠባቂው ዓይን ከጓደኞቹ ሳይለይ በሣሩ መካከል አይጥ ሲያድን ሊውል ይችላል። እርሱን የሚገልጠው በቤተ ሙከራ የሚመረመር ጥቂት ጠብታ ደም ነው።