ያልተበደሩትን ዕዳ ከመዝገብ ማሰረዝ

መኪናው ተመርጧል፤ በዋጋው ላይ ስምምነት ተደርሷል፤ የቀረው ውል መፈራረም ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 መጀመሪያ ላይ በካሊፎርኒያ ግዛት ደብሊን በምትባል ከተማ ከባለቤቱና ከአማቱ ጋር መኪና ሊገዛ የሄደ አንድ ሰው ግን ፊርማውን ሳያኖር ቀረ። ሻጩ የገዥውን የብድር ታሪክ ሪፖርት ከኮምፒዩተር ሲያወጣ፣ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ሚኒስቴር በአሸባሪነትና በአደንዛዥ ዕፅ ዝውውር ጠርጥሮ ንግድ እንዳይደረግባቸው ካገዳቸው ሰዎች ጋር ስሙ ይመሳሰላል የሚል ማስጠንቀቂያ ሰፍሮ ተገኘ። ሻጩ ለእርሱ እንደማይሸጥ ገለጸለት። በመጨረሻም መኪናው በሚስቱ ስም ተገዛ።

ሰውየው ወንጀለኛ አልነበረም። ማስጠንቀቂያውን ያወጣው ትራንስዩኒየን የተባለው የብድር መረጃ ኩባንያ ያመሳከረው የራስንና የቤተሰብን ስም ብቻ ሲሆን፣ የልደት ቀንን እንኳ አላስተያየም ነበር። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቀርቦ ተመሳሳይ ማስጠንቀቂያ በፋይላቸው የተለጠፈባቸው 8,185 ሰዎች በአንድ ክስ ተጠቃለሉ። በ2017 ዳኞቹ ከ60 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሣ ፈረዱ። በ2021 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ5 ለ4 ድምፅ፣ ካሣ የመጠየቅ መብት ያላቸው የተሳሳተው ሪፖርት ለሦስተኛ ወገን የተላከባቸው 1,853 ሰዎች ብቻ ናቸው ሲል ወሰነ። የቀሩት 6,332 ሰዎች ስህተቱ በፋይላቸው ቢኖርም ለማንም ስላልተላከ ጉዳት አልደረሰባቸውም ተባሉ።

ስም ሲመሳሰል

ይህ ታሪክ ለአሜሪካኖች ብቻ የሚነገር አይደለም። በዋሽንግተን ዲሲና በአካባቢዋ፣ በአትላንታ፣ በዳላስ፣ በሎስ አንጀለስ ታክሲ የሚነዱ፣ ምግብ ቤት የከፈቱ፣ ቤት የሚገዙና የሚሸጡ ኢትዮጵያውያን ቁጥራቸው ቀላል አይደለም። የእኛ የስም አወጣጥ ደግሞ ለእነዚህ ኩባንያዎች ኮምፒዩተር የሚመች አይደለም።

ኢትዮጵያዊ የሚጠራው በስሙና በአባቱ ስም ነው። አሜሪካ ሲገባ የአባቱ ስም፣ አንዳንዴም የአያቱ ስም «የቤተሰብ ስም» ሆኖ ይመዘገባል። በአንዱ ባንክ የአባት ስም፣ በሌላው የአያት ስም መጨረሻ ላይ ሲውል አንዱ ሰው ሁለት ሰው ይመስላል፤ በተቃራኒው ደግሞ የተለመደ ስም ያላቸው ሁለት ሰዎች እንደ አንድ ይቆጠራሉ። በላዩ ላይ የፊደሉ ጣጣ አለ። «ፀሐይ»ን ወይም «ኃይሉ»ን በላቲን ፊደል ሁሉም እንደ መሰለው ይጽፈዋል። የልደት ዘመን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተሞልቶ የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ሲፈጥርም ይታያል። በዚህ ምክንያት የአንዱ ዕዳ በሌላው ፋይል ውስጥ ገብቶ ሲገኝ በሙያው ቋንቋ «የተደባለቀ ፋይል» ይባላል።

መዝገቡ በማን እጅ ነው?

በአሜሪካ የግለሰብን የብድር ታሪክ የሚይዘው መንግሥት አይደለም። ኢኩፋክስ፣ ኤክስፒሪያንና ትራንስዩኒየን የሚባሉ ሦስት ትላልቅ የንግድ ድርጅቶች ናቸው። ባንኮች፣ የክሬዲት ካርድ ሰጪዎችና ዕዳ ሰብሳቢዎች ስለ ደንበኞቻቸው አከፋፈል መረጃ ይልካሉ፤ ድርጅቶቹ ያጠራቅማሉ፤ መልሰው ለአበዳሪዎች ይሸጣሉ። ከዚሁ መዝገብ ተነስቶ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 850 የሚደርስ ነጥብ ይሰላል። ቤት ለመግዛት የሚበደር ሰው ከሦስቱም ድርጅቶች ነጥቡ ይወጣና በተለምዶ መካከለኛው ይወሰዳል።

የነጥቡ ዋጋ በገንዘብ ሲተመን ቀልድ አይደለም። ለምሳሌ ያህል 400 ሺህ ዶላር በ30 ዓመት ለመክፈል በ6.5 በመቶ ወለድ የተበደረ ሰው በወር 2,528 ዶላር ያህል ይከፍላል። ነጥቡ ዝቅ በማለቱ በ7 በመቶ የተበደረው ግን 2,661 ዶላር ገደማ ይደርስበታል። ልዩነቱ በወር 133 ዶላር ቢመስልም በ30 ዓመት ውስጥ ከ47 ሺህ ዶላር በላይ ይሆናል። ያልተበደረውን ዕዳ በፋይሉ ይዞ ዝም ያለ ሰው ይህን ገንዘብ በገዛ ፈቃዱ እንደ ሰጠ ይቆጠራል።

ስህተቱ ምን ያህል የተለመደ ነው? የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ይፋ ባደረገው ጥናት 1,001 ሰዎች ሪፖርታቸውን እንዲመረምሩ ተደርጎ፣ ከአምስት ሰዎች አንዱ ባቀረበው ተቃውሞ መሠረት ቢያንስ ከሦስቱ በአንዱ ሪፖርት ላይ እርማት ተደርጎለታል። ከመቶ አምስቱ ደግሞ ስህተታቸው ወለዳቸውን ሊያስጨምር የሚችል ነበር።

የ30 ቀኑ ሰዓት

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብሎ የወጣው ሕግ ከ1970 ጀምሮ ያለ ሲሆን በ2003 ተጠናክሯል። ሕጉ ለተበዳሪው የሚሰጠው ትልቁ መሣሪያ ጊዜ ነው።

በመጀመሪያ መዝገቡን ማየት ያስፈልጋል። ሦስቱ ድርጅቶች ሪፖርቱን ከ2023 ወዲህ በየሳምንቱ አንድ ጊዜ በነጻ ለመስጠት በቋሚነት ተስማምተዋል። ብድር የከለከለ ባንክም የከለከለው በየትኛው ድርጅት ሪፖርት ተመርኩዞ እንደሆነ መናገር ይገደዳል፤ የተከለከለውም ሰው በ60 ቀን ውስጥ ያንን ሪፖርት በነጻ መጠየቅ ይችላል። ሦስቱን ሁሉ ማየት ይመከራል፤ በአንዱ የታረመ ስህተት በሌላው ላይ እንደተቀመጠ ሊቀር ይችላልና።

ሁለተኛው ተቃውሞውን ማቅረብ ነው። በድረ ገጽም በስልክም ይቻላል፤ ነገር ግን ወደ ክርክር ሊያመራ የሚችል ጉዳይ የተቀባዩ ፊርማ በሚመለስበት የአደራ ደብዳቤ ቢላክ ይሻላል። በደብዳቤው ላይ የሒሳቡ ቁጥር፣ ስህተቱ ምን እንደሆነና ምን እንዲደረግ እንደሚፈለግ ባጭሩ ይጻፋል። የመታወቂያ፣ የአድራሻ ማረጋገጫና የክፍያ ደረሰኝ ቅጂ ይያያዛል። ዋናው ሰነድ ከባለቤቱ እጅ መውጣት የለበትም።

ከዚያ በኋላ ሰዓቱ ይቆጥራል። ድርጅቱ ተቃውሞው በደረሰው በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ መረጃውን ለላከው አበዳሪ ያሳውቃል፤ ምርመራውንም በ30 ቀን ይጨርሳል። ተቃዋሚው በመካከሉ ተጨማሪ ማስረጃ ካስገባ ቀኑ እስከ 45 ይራዘማል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ሊረጋገጥ ያልቻለ መረጃ መሰረዝ ወይም መስተካከል አለበት። ውጤቱም ምርመራው ባለቀ በአምስት የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይገለጻል። ተበዳሪው ከጠየቀም እርማቱ ባለፉት ስድስት ወራት ሪፖርቱን ለወሰዱ ሁሉ ይላካል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነጥብ አለ። ስህተቱን የፈጠረው ባንክ ነው ብለው ለባንኩ ብቻ ይጽፋሉ። ባንኩን ማሳወቅ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ባንኩ በትክክል አልመረመረም ብሎ በፌዴራል ሕጉ ለመክሰስ ተቃውሞው አስቀድሞ በመረጃ ድርጅቱ በኩል ማለፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ደብዳቤው ለሁለቱም መላክ አለበት።

ጉዳዩ የስም መደባለቅ ሳይሆን ስርቆት ከሆነ፣ ማለትም ሌላ ሰው በግለሰቡ መለያ ቁጥር ተበድሮ ከሆነ፣ መንገዱ ሌላ ነው። የማንነት ስርቆት ሪፖርት ተሞልቶ ከመታወቂያ ጋር ሲቀርብ ድርጅቱ የተሰረቀውን ሒሳብ በአራት የሥራ ቀን ውስጥ ከሪፖርቱ ላይ ማገድ አለበት።

«አረጋግጠናል» የሚለው መልስ

ሕጉ በወረቀት ላይ ያማረ ቢሆንም ሥራው ሁልጊዜ እንደ ሕጉ አይሄድም። ተቃውሞዎች በብዛት የሚስተናገዱት በኮምፒዩተር ነው። ባለጉዳዩ ሦስት ገጽ ቢጽፍ ሐሳቡ ወደ አጭር የኮድ ቁጥር ተለውጦ ለባንኩ ይላካል። ባንኩ የራሱን መዝገብ አይቶ «ልክ ነው» ካለ ለባለጉዳዩ «አረጋግጠናል» የሚል መልስ ይመጣል። የተሳሳተ መዝገብ ከራሱ ጋር ቢመሳከር ልክ መሆኑ አይቀርም።

በኦሪገን ግዛት የምትኖር አንዲት ሴት የገጠማት ይኸው ነበር። ፋይሏ ከሌላ ሞክሼዋ ጋር ተደባልቆባት ከ2009 እስከ 2011 ለኢኩፋክስ ስምንት ጊዜ ያህል ብታመለክትም ስህተቱ አልታረመላትም። ከሰሰች። በ2013 የፖርትላንድ ዳኞች ከ18 ሚሊዮን ዶላር በላይ ፈረዱላት። ምንም እንኳ የቅጣት ካሣው በኋላ በዳኛ ውሳኔ ወደ 1.62 ሚሊዮን ዶላር ዝቅ ቢልም፣ ያሸነፈችው የደብዳቤዎቿንና የቀጠሮዎቿን ሰነድ ሁሉ ይዛ በመቆየቷ ጭምር መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም።

ስለዚህ የመጀመሪያው መልስ እምቢታ ቢሆን ነገሩ አለቀ ማለት አይደለም። አዲስ ማስረጃ ጨምሮ እንደገና መጻፍ ይቻላል። ያንኑ ደብዳቤ ያለ አዲስ ነገር ደጋግሞ መላክ ግን ድርጅቱ «ፋይዳ የሌለው አቤቱታ» ብሎ ውድቅ እንዲያደርገው በር ይከፍታል። ለፌዴራል የሸማቾች ገንዘብ ነክ ጥበቃ ቢሮ አቤት ማለትም አለ። ሁሉም ካልሆነ ባለጉዳዩ የራሱን ማብራሪያ በፋይሉ ላይ ማስፈር ይችላል፤ ድርጅቱ ግን ጽሑፉን በ100 ቃላት ሊወስነው ይችላል። የመጨረሻው መንገድ ፍርድ ቤት ነው። ሆን ተብሎ ለተፈጸመ ጥሰት ሕጉ ከ100 እስከ 1,000 ዶላር የሚደርስ ካሣ፣ ከዚያም በላይ የቅጣት ካሣና የጠበቃ ወጪ ይፈቅዳል።

ቤት ሊገዛ ቀን የተቆረጠለት ሰው 30 ቀን ላይኖረው ይችላል። ስህተቱን የሚያሳይ ሰነድ በእጁ ካለ፣ አበዳሪው ወይም የቤት ብድር ደላላው በኩል ነጥቡ በጥቂት ቀናት ውስጥ እንደገና እንዲሰላ ማስጠየቅ ይቻላል። ይህን አገልግሎት ተበዳሪው ራሱ በቀጥታ ማዘዝ አይችልም።

እናጸዳለን ባዮች

ችግር ባለበት ገበያ መኖሩ አይቀርም። «ክሬዲትዎን እናጸዳለን» የሚሉ ድርጅቶች በየጋዜጣውና በየድረ ገጹ ያስተዋውቃሉ። በ1996 የወጣው ሕግ ግን እነዚህ ድርጅቶች ሥራውን ሳይጨርሱ ገንዘብ እንዳይቀበሉ ይከለክላል። የሚሠሩትም ሥራ ባለጉዳዩ በቴምብር ዋጋ ራሱ ሊሠራው የሚችለውን ነው። እውነተኛ የሆነን መጥፎ መረጃ ከጊዜው በፊት የማሰረዝ ሥልጣን የላቸውም። ዘግይቶ የተከፈለ ዕዳ በአብዛኛው እስከ ሰባት ዓመት፣ የኪሣራ ውሳኔ እንደ ዓይነቱ እስከ 10 ዓመት በመዝገብ ላይ ይቆያል። ተቃውሞ ሐሰትን ለማረም እንጂ እውነትን ለመደበቅ አይደለም።

በአገር ቤት

ይህ ሁሉ ለአዲስ አበባ ነጋዴ ሩቅ ሊመስለው ይችላል። አይደለም። በኢትዮጵያ የተበዳሪዎች መረጃ የሚሰበሰበው በግል ድርጅቶች ሳይሆን በብሔራዊ ባንክ ሥር ነው። ባንኩ ባወጣው የብድር መረጃ መመሪያ መሠረት አበዳሪዎች የደንበኞቻቸውን መረጃ ይልካሉ፤ አዲስ ብድር ከመፍቀዳቸው በፊትም ይመለከቱታል። ክፍያው 90 ቀን ያለፈበት ብድር በተበላሸ ብድር ጎራ ይመደባል። በአንዱ ባንክ የተበላሸ ስም ይዞ የሌላውን ባንክ በር ማንኳኳት ትርፉ ድካም ነው።

ስህተት ደግሞ እዚህም ሊፈጠር ይችላል። ከፍሎ የጨረሰው ብድር እንደ ቀረ የሚታይበት፣ ስሙ ከሞክሼው ጋር የሚደባለቅበት ነጋዴ ሊኖር ይችላል። መድኃኒቱ ከአሜሪካው ብዙም አይርቅም። ብድር ሲዘጋ ከዕዳ ነጻ መሆንን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተም መቀበል፤ የእያንዳንዱን ክፍያ ደረሰኝ አስሮ ማስቀመጥ፤ ስምን በንግድ ፈቃድ፣ በግብር ከፋይ መለያና በባንክ ሒሳብ ላይ በአንድ ዓይነት አጻጻፍ ማስመዝገብ፤ ስህተት ሲገኝም መረጃውን ለላከው ባንክ በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አመልክቶ፣ ቅጂው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ማስመታት ነው።

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። በብድር ገበያ ውስጥ ግን በጽሑፍ የሚወረሰው የሌላ ሰው ዕዳም ሊሆን ስለሚችል፣ ነጋዴ የዕቃውን ቆጠራ በየጊዜው እንደሚያደርግ ሁሉ የስሙንም ቆጠራ ቢያደርግ አይከፋም። ለመቁጠር የሚመረጠው ጊዜም ብድር ከማስፈለጉ በፊት ነው። የደብሊኑ ሰውዬ የራሱን መዝገብ ይዘት ያወቀው መኪናው ደጅ ቆሞ፣ ሻጩ ፊት ተቀምጦ ነበር።