የራስን ታሪክ ራስ ሲናገረው

ፊልም ምንድን ነው? በካሜራ የተነሣ፣ የሚንቀሳቀስ ሥዕል ነው። ፎቶግራፍ ሰውን ቆሞ ያሳያል። ፊልም ግን ሲያርስ፣ ሲስቅ፣ ሲያለቅስ ያሳየዋል። ደቦ የጠራ ሰው ሥራውን እንደሚመራ ሁሉ፣ ፊልሙንም የሚመራ ሰው አለ። እሱም የፊልም አዘጋጅ ይባላል።

ከአገራችን የፊልም አዘጋጆች በዓለም ስማቸው የታወቀው ኃይሌ ገሪማ ናቸው። ሩቅ አገር ሰው አይደሉም። በ1938 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ጎንደር ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ገሪማ ታፈረ ተውኔት ጸሐፊ ነበሩ። አያታቸው ደግሞ እሳት ዳር ተረት ይነግሯቸው ነበር። ኃይሌ ታሪክ መናገርን ከዚያ እንደ ቀሰሙ ይናገራሉ።

ልጅ ሳሉ ጎንደር ውስጥ የፈረንጅ ፊልም ያዩ ነበር። አንዱ ፊልም ታርዛን የሚባል ነጭ በአፍሪካ ጫካ ከጥቁሮች ጋር ሲዋጋ ያሳያል። ጥቁሮቹ ከኋላው ሲመጡበት እነኃይሌ መጡብህ እያሉ ለታርዛን ይጮኹለት ነበር። አስቡት እንግዲህ! ጥቁር ልጆች ለነጩ ወገኑ። ለምን? ታሪኩን የተረከው ፈረንጁ ስለሆነ ነው። ተራኪው የወደደውን ሰሚውም ይወዳል። ኃይሌ ይህን ያስተዋሉት ካደጉ በኋላ ነው።

በ21 ዓመታቸው ገደማ አሜሪካ ሄዱ። ቺካጎ ከተማ ቲያትር ተማሩ። እዚያም ለጥቁር የሚሰጠው ቦታ የአሽከር ቦታ ሆነባቸው። ስለዚህ ሎስ አንጀለስ ሄደው የፊልም ሥራ ተማሩ።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋን በወረዱበት ዘመን ወደ አገራቸው መጥተው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» የተባለውን ፊልም አነሡ። ቀረጻው ሁለት ሳምንት ያህል ብቻ ፈጀ። ፊልሙ በ1968 ዓ.ም. ወጣ። ለአንድ ባለርስት ስለሚገብር የጭሰኛ ቤተሰብ ይናገራል። ባለርስቱ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኛው ከነልጆቹ ይለፋል። ከብት ጠባቂዋ ልጅ ላም አድናለሁ ስትል ጎርፍ ይወስዳታል። የርብንና የጉማራን ሙላት የሚያውቅ የፎገራ ሰው ይህን ሲሰማ አንጀቱ ይላወሳል። የሚገርመው ነገር፣ በፊልሙ የሚታዩት ሰዎች የተዋናይነት ሥራ የሌላቸው የአገር ሰዎች ናቸው።

በ1985 ዓ.ም. ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ» አወጡ። ሳንኮፋ የጋና ሕዝብ ቃል ነው። ተመልሰህ የረሳኸውን አንሣ ማለት ነው። ፊልሙን ለሕዝብ የሚያከፋፍል ነጋዴ ጠፋ። ኃይሌና ባለቤታቸው ግን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ራሳቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ አሳዩት። ሕዝቡም ተሰልፎ ገባ።

«ጤዛ» የተባለው ፊልም ደግሞ በገንዘብ እጦት 14 ዓመት ፈጀ። ተምሮ ወደ ጣና አካባቢ መንደሩ ስለተመለሰ ሰው ይናገራል። በ2000 ዓ.ም. በጣሊያን አገር፣ በቬኒስ ተሸለመ። በ2001 ዓ.ም. በቡርኪና ፋሶ የአፍሪካን ትልቅ የፊልም ሽልማት አገኘ። በሰው በሬ የሚያርስ ባለቤቱ እስኪለቅለት ይጠብቃል። ኃይሌ ግን ዘገየ ብለው ታሪካቸውን አልሸጡም።

ከዚህ ምን እንማራለን? የገበሬ ኑሮ ተራ ነገር አይደለም። የዓለም ሰው ቁጭ ብሎ የሚያየው ታሪክ ነው። ፎገራም የሚናገረው ብዙ አለው፤ የክረምቱ ውሃ፣ የፎገራ ላም፣ ሩዝ ወደ ሜዳው የገባበት ጊዜ። እኛ ካልነገርነው ሌላው እንደሚመስለው ይነግረዋል።

የመወያያ ጥያቄዎች
1. እነኃይሌ ለታርዛን የጮኹለት ለምንድን ነው?
2. ፊልም ቢሠራ ከመንደራችሁ የትኛው ታሪክ ይቅደም? ማን ይንገረው?