ፈጣን ኤክስተርናል ስንገዛ ምን እንይ?

በዚህ እትማችን የምናነሣው ጉዳይ በኮምፒውተር ክፍላችን ዘወትር የምንጠየቀው ነው። «ኤክስተርናል ልገዛ ነው፣ የቱ ይሻላል? ፈጣኑስ የትኛው ነው?» ይሉናል ተማሪዎችም መምህራንም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ እዚህ ካኩማ ለምንኖር ሰዎች አንድ ኤክስተርናል ማለት የብዙ ወር ቁጠባ፣ ወይም ዘመድ ከውጭ የላከው ገንዘብ፣ ወይም ተማሪዎች በጋራ ያዋጡት መዋጮ ነው። አንዴ ከተገዛ በኋላ «አልሆነኝም» ብሎ መመለስ የለም። ስለዚህም ሱቅ ከመግባታችን በፊት ማወቅ የሚገባንን ነገር እንደሚከተለው አቅርበናል። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፍጥነት ለምን አስፈለገን?

እንደሚታወቀው የእኛ መብራት በሰዓት የተለካ ነው። ጄኔሬተሩ ሲነሣ ወይም ሶላሩ ባትሪውን ሲሞላ ነው ሥራ የሚሠራው። ኢንተርኔቱም ደካማ ስለሆነ ትምህርቱን በዲስክ ይዘን ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር እንገለብጣለን። ኮሊብሪ የሚባለው ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ የትምህርት ፕሮግራም አለ፤ ዊኪፔዲያን ያለ ኢንተርኔት የሚያነብ ኪዊክስ የሚባልም አለ። ሁለቱም በነፃ የሚገኙ ናቸው። ነገር ግን ትልልቅ ናቸው። የእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ከነሥዕሎቹ ብቻውን 100 ጊጋባይት ገደማ ይደርሳል። ይህን በቀርፋፋ ዲስክ መገልበጥ የጀመረ ሰው መብራቱ ቀድሞት ይሄዳል። ያን ጊዜ የተጀመረው ኮፒ ይቋረጣል፣ ፋይሉም ይበላሻል።

ቁጥሩን ስናነብ

በካርቶኑ ላይ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ በቢት ሲሆን ሌላው በባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ «480 ሜጋቢት በሰከንድ» የሚለውን ለ8 ስናካፍለው 60 ሜጋባይት ይሆናል። በሥራ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ሻጭ ትልቁን ቁጥር ማሳየት ይወዳል፤ እኛ ግን ማካፈል አንርሳ።

የዩኤስቢ ትውልዶችም ይለያያሉ። በ2000 የወጣው ዩኤስቢ 2.0 በወረቀት ላይ 480 ሜጋቢት ቢሆንም በተግባር የሚሰጠን ከ30 እስከ 40 ሜጋባይት በሰከንድ ነው። በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 በወረቀት ላይ 5 ጊጋቢት ሲሆን በተግባር 400 ሜጋባይት ያህል ያሳልፋል። ከዚያ በኋላ የመጡት 10፣ 20 እና 40 ጊጋቢት የሚሉት ደግሞ በአዳዲስ ኮምፒውተሮች ላይ የሚገኙ ናቸው።

ሦስቱ ዓይነቶች

አንደኛው ሁላችንም የምናውቀው ፍላሽ ነው። ርካሽ ነው፣ ኪስ ውስጥ ይገባል። ሆኖም አብዛኛው ርካሽ ፍላሽ ሲያነብ ደህና ቢሆንም ሲጽፍ በሰከንድ 10 ወይም 20 ሜጋባይት ላይ ይንፏቀቃል። ለአንድ ሁለት ዶክመንት እንጂ ለትልቅ ሥራ አይሆንም።

ሁለተኛው ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን እና በላዩ ላይ የሚሄድ ስስ ክንድ አለው። በአንድ ትልቅ ፋይል ላይ በሰከንድ 100 ሜጋባይት እና ከዚያ ትንሽ በላይ ይሠራል። ነገር ግን በሺህ የሚቆጠሩ ትንንሽ ፋይሎች ሲሰጡት ክንዱ ወዲያ ወዲህ ስለሚል በጣም ይዘገያል። መፍትሔው ትንንሾቹን ፋይሎች አስቀድሞ በዚፕ አንድ ላይ አስሮ መገልበጥ ነው። ዋጋውን በያዘው መጠን ስናየው ከሁሉም የሚረክሰው ይህ ነው።

ሦስተኛው ኤስኤስዲ ነው። የሚሽከረከር ነገር የለውም፤ ሁሉም በቺፕ ላይ ነው። ተራው በሰከንድ 500 ሜጋባይት፣ የተሻለው 1,000 ሜጋባይት፣ ከዚያም በላይ የሚደርስ አለ። ቢወድቅም እንደ ሃርድ ዲስኩ ቶሎ አይጎዳም። ዋጋው ግን ለተመሳሳይ መጠን ከሃርድ ዲስክ በብዙ ይበልጣል።

ዋናው ነገር፦ ፍጥነትን የሚወስነው ቀርፋፋው ነው

እንግዲህ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው እዚህ ላይ ነው። ፈጣን ኤስኤስዲ ገዝቶ ይመጣና አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሰክቶ «ያው እኮ ነው!» ይላል። ዲስኩ አልዋሸም። መንገዱ ነው ጠባቡ። በጠባብ ድልድይ ላይ አህያም መኪናም የሚያልፉት በአንድ ፍጥነት ነው።

መንገዱ አራት ነገሮች አሉት፤ ኤክስተርናሉ፣ ኬብሉ፣ የኮምፒውተሩ የዩኤስቢ መሰኪያ እና በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው ዲስክ። ከአራቱ አንዱ ቀርፋፋ ከሆነ ሁሉም በእርሱ ልክ ይሄዳል።

በምሳሌ እንየው። 64 ጊጋባይት የሚሆን የትምህርት ጥቅል ለ12 ኮምፒውተሮች በተራ በተራ እንገልብጥ እንበል።

— መሰኪያው ዩኤስቢ 2.0 ከሆነ በሰከንድ 30 ሜጋባይት ስንል ለአንዱ 36 ደቂቃ ያህል፣ ለ12ቱ ከ7 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የሰካነው ውድ ኤስኤስዲም ቢሆን ለውጥ የለም።

— መሰኪያው ዩኤስቢ 3.0 ሆኖ ኤክስተርናሉ ተራ ሃርድ ዲስክ ከሆነ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ስንል ለአንዱ 11 ደቂቃ፣ ለ12ቱ ከ2 ሰዓት ጥቂት በላይ ነው።

— መሰኪያው ዩኤስቢ 3.0፣ ኤክስተርናሉም የኮምፒውተሩ የውስጥ ዲስክም ኤስኤስዲ ከሆኑ፣ እስከ መጨረሻው 400 ሜጋባይት ከሄዱልን ለአንዱ 3 ደቂቃ እንኳ አይሞላም። 12ቱም በግማሽ ሰዓት ገደማ ያልቃሉ።

ልብ በሉ፤ በሦስተኛው ምሳሌ የውስጡ ዲስክ የሚሽከረከር ቢሆን ኖሮ ወደ ሁለተኛው ምሳሌ እንመለስ ነበር። ስለዚህ «የትኛው ኤክስተርናል ፈጣን ነው?» ከማለታችን በፊት «የእኔ ኮምፒውተር ምን ያህል ይቀበላል?» ብለን መጠየቅ አለብን።

ኮምፒውተራችንን እንዴት እንመርምር?

የዩኤስቢ መሰኪያውን ውስጥ እንይ። ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ከሆነ ዩኤስቢ 3.0 ነው፤ ጥቁር ወይም ነጭ ከሆነ 2.0 ሊሆን ይችላል። ቀለሙ ግን ሁልጊዜ አይታመንም። አንዳንድ ላፕቶፕ በአንድ ጎን 3.0፣ በሌላው ጎን 2.0 ስላለው ሁሉንም መሞከር ጥሩ ነው። ሙከራውም ቀላል ነው፤ 2 ጊጋባይት የሚሆን አንድ ቪዲዮ እየገለበጥን በስክሪኑ ላይ የሚታየውን ፍጥነት መከታተል። መጀመሪያ ላይ የሚታየው ቁጥር ስለሚያታልል ወደ መጨረሻው ያለውን እንያዝ። ከ40 የማያልፍ ከሆነ በ2.0 መንገድ ላይ ልንሆን እንችላለን።

ኬብሉም ይታይ። በብዙ ሃርድ ዲስኮች ላይ ያለው ጠፍጣፋ መሰኪያ ሁለት ክፍል አለው። የቆየ የስልክ ቻርጀር ኬብል በትልቁ ክፍል ላይ ይገባል፣ ይሠራልም፤ ግን በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ብቻ። አዲሱ ክብ ጠርዝ ያለው ታይፕ ሲም እንዲሁ ነው። ቅርጹ አንድ ቢሆንም ለስልክ መሙያ የሚሸጡት ብዙዎቹ ኬብሎች ዳታ የሚያሳልፉት በ2.0 ነው። ስለዚህ ከዲስኩ ጋር የመጣውን ኬብል እንደ ዓይናችን ብሌን እንጠብቅ።

ሃርድ ዲስኩ ሲሰካ እየተንጫጫ የማይነሣ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የኃይል እጥረት ነው። ዩኤስቢ 2.0 መሰኪያ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር፣ ዩኤስቢ 3.0 ደግሞ 900 ሚሊአምፔር ነው። ብዙ ነገር በተሰካበት ማከፋፈያ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ እንሰካው።

ሙቀትና አቧራ

የብዙ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስኮች መመሪያ የሥራ ሙቀቱን እስከ 35 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው የሚለው። በቱርካና ደግሞ ቀኑ ከዚያ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ከባዱን ኮፒ ጠዋት በማለዳ ወይም ማታ እናድርገው። እየሠራ ያለ ዲስክ ጨርቅ ላይ ወይም ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ። ኤስኤስዲም ሲግል ራሱን ለመከላከል ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ ከቦታ ቦታ አይነሣ። በቦዳቦዳ ተሳፍሮ ከአንዱ ትምህርት ቤት ወደ ሌላው ለሚመላለስ መምህር ግን ለፍጥነቱ ባይሆን እንኳ ለጥንካሬው ኤስኤስዲ ይመረጣል።

ሐሰተኛውን እንለይ

አንድ ተማሪያችን በጣም በርካሽ «2 ቴራባይት» የተጻፈበት ትንሽ ዲስክ ገዝቶ መጣ። ኮምፒውተሩም 2 ቴራባይት ብሎ አሳየ። እውነተኛ መጠኑ ግን 32 ጊጋባይት ነበር። እንዲህ ዓይነቱ ዲስክ ሲሞላ «ሞልቻለሁ» አይልም፤ የፋይሉ ስም ይታያል፣ ውስጡ ግን የለም። ልጁ የአንድ ሴሚስተር ጽሑፉ የጠፋው እንዲህ ነው። ሻጩንም ዳግመኛ አላገኘውም።

ይህን የሚመረምሩ ነፃ ፕሮግራሞች አሉ፤ ለዊንዶውስ ኤች2ቴስትደብሊው፣ ለሊኑክስና ለማክ ኤፍ3። ዲስኩን እስከ አፉ ሞልተው መልሰው ያነቡታል። ጊዜ ይወስዳል፤ ቢሆንም ሥራችንን ከመጫናችን በፊት ይደረግ። ከናይሮቢ በሰው የምናስመጣ ከሆነም ገንዘቡን በኤም-ፔሳ ከመላካችን በፊት የሚገዛልን ሰው ደረሰኝና ዋስትና እንዲቀበል እንንገረው። በነገራችን ላይ 1 ቴራባይት የተባለው በዊንዶውስ ላይ 931 ጊጋባይት ሆኖ ቢታይ አትደንግጡ፤ የአቆጣጠር ልዩነት ነው እንጂ ስርቆት አይደለም።

ፎርማቱስ?

ፋት32 በሚባለው ፎርማት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይገባም። የኪዊክስን ትልቅ ፋይል ለማስገባት ሞክረን «ቦታ የለም» ቢለን ምክንያቱ ይኸው ሊሆን ይችላል። ኤንቲኤፍኤስ ለዊንዶውስ ጥሩ ነው፤ ማክ ግን ያነበዋል እንጂ እንዲያው አይጽፍበትም። ለሁሉም የሚስማማው ኤክስፋት ነው። ፎርማት ማድረግ በውስጡ ያለውን ሁሉ እንደሚያጠፋ ግን አይዘንጋ። ስንነቅልም በደህና ማስወገጃው በኩል ይሁን። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላልና።

ከአንድ ፈጣን ሁለት መካከለኛ

አሁን ወደ ምርጫው እንምጣ። ኮምፒውተራችሁ የቆየ ከሆነ፣ መሰኪያው 2.0 ወይም የውስጥ ዲስኩ የሚሽከረከር ከሆነ፣ ውድ ኤስኤስዲ አትግዙ። በዚያው ገንዘብ ሁለት ተራ ሃርድ ዲስክ ግዙ። ገንዘብ ከተረፈም የኮምፒውተሩን የውስጥ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ መቀየር የበለጠ ለውጥ ያመጣል፤ የወጣውን አሮጌ ዲስክ ደግሞ በዩኤስቢ መያዣ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ እንደ ኤክስተርናል መጠቀም ይቻላል። ኮምፒውተራችሁ አዲስ ከሆነ በሰከንድ 1,000 ሜጋባይት የሚል ኤስኤስዲ ከበቂ በላይ ነው። 2,000 የሚለው 20 ጊጋቢት የሚቀበል መሰኪያ ይፈልጋል፤ እርሱ ደግሞ በጥቂት ኮምፒውተሮች ላይ ብቻ ነው ያለው።

ያም ሆነ ይህ፣ ፈጣን መሆን ከመጥፋት አያድንም። ማንኛውም ዲስክ፣ የትኛውም ኩባንያ ቢሠራው፣ አንድ ቀን ይሞታል። እኛ ደግሞ ወረቀት ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከማንም በላይ እናውቃለን። ስንቶቻችን ነን የስምንተኛ ወይም የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤታችንን፣ የዩኒቨርሲቲ ትራንስክሪፕታችንን ትተን የወጣነው? ስካን ያደረግነው ዲፕሎማ፣ የልጆች የልደት ምስክር ወረቀት፣ የመልቀቂያ ፈተና ማስታወሻ በአንድ ዲስክ ላይ ብቻ ካለ የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ቅጂ በሌላ ዲስክ ላይ፣ በሌላ ቤት ይቀመጥ። ለረጅም ጊዜ ለሚቀመጠው ሃርድ ዲስክ ይሻላል፤ ኤስኤስዲ ያለ ኃይል በሙቀት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የያዘውን ሊረሳ ይችላልና በየጥቂት ወሩ ይሰካ። የግል ሰነዶችን ለሁሉም በሚዞረው የክፍል ዲስክ ላይ አናስቀምጥ። በራሳችን ላይም ቢሆን ቬራክሪፕት በሚባለው ነፃ ፕሮግራም ቆልፈን እንያዝ፤ የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ግን ሰነዱም እንደጠፋ ይቆጠር።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ዛሬ ማታ መብራት ሲመጣ አንድ ነገር ብቻ አድርጉ፤ ከሁሉ በላይ የምትሳሱለትን ፎልደር ሁለተኛ ቦታ ላይ ገልብጡ። የኮምፒውተራችሁን መሰኪያ መለየት ያቃታችሁ ደግሞ ላፕቶፑን ከነኬብሉ ይዛችሁ ወደ ኮምፒውተር ክፍሉ ብቅ በሉ፤ አብረን እናየዋለን።