ተረትና እውነታ፦ ከግድግዳ የሚወጣው ክፍል

በአሜሪካ መንገድ ላይ ያለ ልዩ ፈቃድ የሚሄድ ተሳቢ ቤት ወርዱ በአብዛኛው ስቴት ከ102 ኢንች ሊበልጥ አይችልም፤ በሜትር 2.6 ገደማ ነው። በዚህ ወርድ ውስጥ በአንድ ወገን ሶፋ፣ በሌላው ምድጃና ፍሪጅ ከተቀመጠ መሃል ላይ የሚቀረው መተላለፊያ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ስላይድ የሚባለው ተንሸራታች ክፍል የመጣው ለዚህ ነው። መንገድ ላይ ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ሲቆም ሶፋውን ወይም አልጋውን እንደያዘ ወደ ውጭ ይወጣል። ኒውማር የተባለው የኢንዲያና ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1990 የራሳቸው ሞተር ባላቸው የጉዞ ቤቶች (አርቪዎች) ላይ ካስተዋወቀው ወዲህ እየተለመደ ሄዶ፣ ዛሬ ብዙዎቹ ተሳቢ ቤቶች ቢያንስ አንድ አላቸው።

ስለ ስላይድ የሚነገረው ምክር ብዙ ነው፤ ግማሹ ገንዘብ ያስወጣል። ስህተቱ የሚጀምረው ስላይድን እንደ ማንኛውም ክፍል ከማየት ይመስለኛል። ወለል፣ ጣሪያና መስኮት ቢኖረውም ሞተር፣ ሐዲድና ላስቲክ ያለው ማሽን ነው፤ የሚበላሸውም እንደ ማሽን ነው።

«የወጣው ክፍል ከሥሩ ካልተደገፈ ይወድቃል» የሚለው ከሁሉም ይበልጥ የሚታመነው ነው። እውነትም ከውጭ ሲያዩት ያስፈራል፤ ሶፋ፣ ጠረጴዛና አራት ሰው የተሸከመ ሳጥን አየር ላይ ተንጠልጥሏል። መደብሮቹም ከሥር የሚቆሙ የብረት ድጋፎችን ይሸጣሉ። ነገር ግን ክብደቱ አየር ላይ አይደለም ያረፈው። እንደ ስሪቱ ወይ ከወለሉ ሥር ሻንሲው ላይ በታሰሩ ብረቶች፣ ወይ ግድግዳው ውስጥ በተሠራ ሐዲድ ላይ ነው፤ አምራቾቹ ሲሠሩት ሰውና ዕቃ እንደሚቀመጥበት አስበው ነው። ድጋፉ እንዲያውም ሊጎዳ ይችላል። ቤቱ በጎማና በባሌስትራ ላይ ስለቆመ ሰው ሲራመድበት ትንሽ ይወርዳል፣ ትንሽ ይወጣል። ድጋፉ ግን መሬት ላይ ደርቆ ቆሟል። ቤቱ ሲወርድ ስላይዱ ከሥሩ ወደ ላይ ይገፋል፤ ያ ግፊት የሚያርፈው ስላይዱን በሚገፋው ጥርስና በሐዲዱ ላይ ነው። ድጋፉን ረስቶ የመዝጊያውን ቁልፍ የተጫነ ሰው ደግሞ ጉዳቱን ወዲያው ያየዋል። ስለዚህ የቤታችሁ መመሪያ በግልጽ ድጋፍ አድርጉ ካላለ በቀር አታድርጉ።

ስላይዱን የሚያስጨንቀው ድጋፍ ማጣት ሳይሆን ጠማማ አቋቋም ነው። ቤቱ ዘሞ ከቆመ ስላይዱም ዘሞ ይወጣል፣ አንዱ ጥግ እየፋቀ። መጀመሪያ ቤቱ በውሃ ልክ ይስተካከል፤ ከዚያ ጎማው ታኮ ይደረግለት። በአራቱ ማዕዘን ያሉት ቀጫጭን ክሪኮች ቤቱ እንዳይወዛወዝ ለመያዝ ብቻ የተሠሩ ናቸው። በእነሱ ቤቱን ማንሳት ሻንሲውን ያጣምማል፤ ሻንሲው ሲጣመም የስላይዱ መውጫ ቀዳዳም አብሮ ይጣመማል።

«መብራት ከሰካሁ ባትሪው ቢሞትም ግድ የለኝም» የሚሉም አሉ። የስላይዱ ሞተር የሚሠራው በ12 ቮልት ነው። የካምፑ መብራት 120 ቮልት ሲሆን ኮንቨርተሩ ወደ 12 ይቀንሰዋል፤ ሆኖም ሞተሩ ሲነሳ በአንድ ጊዜ የሚስበውን ብዙ ኃይል የሚያሟላው በአብዛኛው ባትሪው ነው። ደካማ ባትሪ ያለው ስላይድ እያቃሰተ ይወጣል። ባለ ሁለት ሞተር ከሆነ አንዱ ወገን ቀድሞ ሌላው ሊቀር ይችላል። «ሞተሩ ተቃጠለ» ተብሎ መካኒክ ከመጠራቱ በፊት ባትሪውና ፊውዙ ይታዩ።

ስለ ቁልፉ አያያዝና ስለ ግራሶ የሚሰጠው ምክር ደግሞ ግማሹ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው አደገኛ የሚሆነው። ስላይዶች በአሠራር አንድ አይደሉም። በጥርስና በጥርሳም ብረት የሚገፉ አሉ፤ በሃይድሮሊክ የሚሄዱ አሉ፤ በካቦ የሚጎተቱ አሉ፤ ሰዎች ሽዊንቴክ የሚሏቸው፣ ግድግዳው ውስጥ በግራና በቀኝ አንድ አንድ ሞተር ያላቸው አሉ። ሽዊንቴክ ያለው ሰው ቁልፉን ተጭኖ ሞተሮቹ በራሳቸው እስኪቆሙ መጠበቅ አለበት። ጠጋ ብላችሁ ብታዳምጡ አንዳንዴ አንዱ ሞተር ዝም ይላል፣ ሌላው ለአፍታ ቀጥሎ ይቆማል። በዚያች አፍታ ነው ሁለቱ የሚስተካከሉት። «ወጥቷል፣ በቃ» ብሎ በየጊዜው ጣቱን ቀድሞ የሚያነሳ ሰው ከጊዜ በኋላ ጠማማ ስላይድ ይኖረዋል። ባለ ጥርስ የሆነው የድሮ ስላይድ ያለው ሰው ግን ክፍሉ መጨረሻው ላይ ደርሶ ሞተሩ ሲያንጓጓ ቁልፉን መልቀቅ አለበት። አንዱ ለጎረቤቱ በቅንነት የሚሰጠው ምክር የጎረቤቱን ሞተር ሊያደክም ይችላል ማለት ነው። ግራሶም እንዲሁ ነው፦ ለጥርሳሙ ብረት ደርቆ የሚቀር የሚረጭ ቅባት ይበቃዋል፤ ካቦው ቅባት አይፈልግም፤ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሐዲድ ላይ የተቀባ ወፍራም ግራሶ ደግሞ አቧራና አሸዋ ይሰበስባል። የማንም ምክር ከመስማታችሁ በፊት የእናንተ የትኛው እንደሆነ እወቁ።

ዋናው ጠላት ውሃ ነው። «ስላይድ ያለው ቤት ማፍሰሱ አይቀርም» የሚሉ አሉ፤ በሌላ ወገን ደግሞ «ላስቲኩ አለ፣ ምንም አይገባም» ብለው የሚተኙ አሉ። ሁለቱም ተሳስተዋል። በስላይዱ ዙሪያ ያለው ላስቲክ ውሃ የሚያግደው ክፍሉ ሙሉ በሙሉ ሲወጣ ወይም ሙሉ በሙሉ ሲገባ ነው፤ ግማሽ ላይ የቆመ ስላይድ ለዝናብ ክፍት ነው። ላስቲኩን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ይሰነጠቃል፣ ይታጠፋል። ለላስቲክ ተብሎ የተሠራ ማለስለሻ በየጊዜው ቢቀባ ዕድሜው ይረዝማል፤ ከነዳጅ የተሠራ ቅባት ግን ያበላሸዋል። ክፍሉ ከመዘጋቱ በፊት ደግሞ መሰላል ቀርቦ ጣሪያው ይታይ። የጥድ ቅጠል፣ ጠጠር ወይም በረዶ ይዞ የገባ ስላይድ ላስቲኩን ይቀድዳል፤ የቀለጠው በረዶም ቤት ውስጥ ይንጠባጠባል። ከላይ የሚዘረጋው የስላይድ ሸራ ቅጠሉን ያስቀራል፤ በከባድ ዝናብ ግን ውሃ አቁሮ ሊረግብ፣ በነፋስም ሊቀደድ ይችላል፤ ሸራ አለኝ ብሎ ጣሪያውን አለማየት አያዋጣም።

ማፍሰሱ መጀመሪያ የሚታወቀው በኩሬ አይደለም። ስላይዱ ወጥቶ ሳለ ከውጭ ጎንበስ በሉና የወለሉን የታችኛውን ጥግ በአውራ ጣታችሁ ተጫኑ። የብዙዎቹ የስላይድ ወለል ከኮምፔርሳቶ ወይም ከተጨመቀ እንጨት የተሠራ ነው፤ ጤነኛው ጠንካራ ነው፣ ውሃ የጠጣው እንደ እርጥብ ዳቦ ይሰረጉዳል። ከውስጥ ምንጣፉ ደረቅ ሆኖ ጥጉ የበሰበሰበት ቤት ብዙ ነው። የኢንሹራንስ ውሎች በአብዛኛው ቀስ እያለ የገባ ውሃ ያደረሰውን ጉዳት አይሸፍኑም፤ የእንክብካቤ ጉድለት ነው ይላሉ።

ክረምት ላይ «ማሞቂያው ስለበዛ ይሞቃል» ማለት አይሠራም። የስላይዱ ወለል ከሥሩ ነፋስ ይነካዋል፣ ብዙ ጊዜም ከዋናው ወለል የቀጠነ ነው። በሚኒሶታ ብርድ ሶፋው ላይ የተቀመጠ ሰው እግሩ መጀመሪያ ይቀዘቅዛል።

«ሞተሩ መንገድ ላይ ቢበላሽ ቤቱን እዚያው መተው ነው» የሚለው ፍርሃትም ልክ አይደለም። አብዛኞቹ ስላይዶች በእጅ የሚገቡበት መንገድ አላቸው፤ አንዳንዱ በቁልፍ ወይም በትራፓኖ ይዞራል፣ አንዳንዱ ሞተሩ ከተለቀቀ በኋላ በሰው ኃይል ይገፋል። መዞሪያው ያለበትን ቦታ በጨለማና በዝናብ ከመፈለግ ግን ጸጥ ባለ ቀን መመሪያውን ይዞ ቀድሞ ማየት ይሻላል።

የመጨረሻው ተረት «ስላይድ በበዛ ቁጥር ቤቱ ይሻላል» የሚለው ነው። እያንዳንዱ ስላይድ ሞተሩ፣ ብረቱና ግድግዳው በመቶዎች የሚቆጠር ፓውንድ ይመዝናል። ተሳቢው የሚፈቀድለት ጠቅላላ ክብደት ተወስኖለታል፤ ስለዚህ ስላይዱ የሚበላው ከእናንተ ልብስ፣ ውሃና ዕቃ ድርሻ ነው። የተረፈው መጠን በር አጠገብ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ተጽፏል። በትራክ ሥራ ላይ ያሉ ወገኖቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁታል፤ እነሱ የሚመዘኑበት የትራክ ማቆሚያ ሚዛን ተሳቢ ቤትንም ይመዝናል። ሙሉ ኩሽናውን በአንድ ወገን ስላይድ ላይ የጫነ ቤት ደግሞ በዚያ ወገን ያሉት ጎማዎች ከሌሎቹ የበለጠ እንደሚሸከሙ አትርሱ።

ልትገዙ ከሄዳችሁ ሻጩ ስላይዶቹን ዘርግቶ፣ መብራቱን አብርቶ ነው የሚጠብቃችሁ። «እስቲ ሁሉንም ዝጋልን» በሉት፤ ከዚያ ግቡ። ሽንት ቤቱ ይደረሳል? ፍሪጁ ይከፈታል? አልጋው ላይ መውጣት ይቻላል? ለምሳ መንገድ ዳር ስትቆሙ ወይም ሌሊቱን ስላይድ መዘርጋት በማይፈቀድበት የመደብር ማቆሚያ ስታሳልፉ የምትኖሩት በዚያ በተዘጋው ቤት ውስጥ ነው። መልሱ «አይ» ከሆነ ሌላ ቤት እዩ።