የበርበሬው ቅላት ለምን በውኃ አይለቅም? ስለ ፖላርና ኖን-ፖላር ቦንድ ተረትና እውነታ

ቀይ ወጥ ያደረበትን የፕላስቲክ ዕቃ በውኃ ብቻ ያጠበ ሰው ያውቀዋል። ጨው ጨው ማለቱ ወዲያው ይጠፋል፤ የበርበሬው ቅላት ግን ንቅንቅ አይልም። ጥቂት ዘይት ጠብ አድርገው በሶፍት ቢያሹት ግን ቅላቱ ከዘይቱ ጋር ይወጣል። የነገሩ ሥር ያለው አተሞች ኤሌክትሮን በሚካፈሉበት መንገድ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ፖላርና ኖን-ፖላር እያልን ያጠናነው ይኸው ነው፤ ብዙዎቻችን ግን አጣመን የያዝነው ነገር አለ።

ተረት 1፦ «ኤሌክትሮን ተጋሩ ከተባለ እኩል ተካፈሉ ማለት ነው።»

እውነታ፦ እኩል የሚካፈሉት እኩል ጉልበት ያላቸው ናቸው። አንድ አተም በቦንድ ውስጥ ያለውን ኤሌክትሮን ወደ ራሱ የሚስብበት አቅም ኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ይባላል። አሜሪካዊው ኬሚስት ላይነስ ፖሊንግ በ1932 እ.ኤ.አ. ይህን አቅም በቁጥር የሚያነጻጽር መለኪያ አቀረበ። ዛሬ በሚሠራበት ሰንጠረዥ ፍሎሪን 3.98፣ ኦክስጅን 3.44፣ ካርቦን 2.55፣ ሃይድሮጅን 2.20 አላቸው። ቀንሶ ማየት ነው፦ ኦክስጅን ከሃይድሮጅን 1.24፤ ኤሌክትሮኑ ወደ ኦክስጅን ስለሚያደላ ቦንዱ ፖላር ነው። ካርቦን ከሃይድሮጅን 0.35፤ ልዩነቱ ትንሽ ስለሆነ ከኖን-ፖላር ይመደባል። ሁለት ሃይድሮጅኖች እርስ በርስ ሲያያዙ ግን ልዩነቱ ዜሮ ነው።

ተረት 2፦ «ፖላር ቦንድ ላይ አንደኛው አተም ኤሌክትሮኑን ነጥቆ ወስዷል።»

እውነታ፦ አልነጠቀም፣ ወደ ራሱ ጎተት አደረገው እንጂ። በሃይድሮጅን ክሎራይድ ውስጥ ኤሌክትሮኑ ወደ ክሎሪን ያደላል፤ ሞለኪውሉ ላይ የሚለካው የቻርጅ መዛባት ግን ኤሌክትሮኑ ጨርሶ ቢሄድ ኖሮ ይታይ ከነበረው 18 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የምንጽፈው «ከፊል» ፖዘቲቭና «ከፊል» ኔጋቲቭ ብለን ነው።

ተረት 3፦ «የኤሌክትሮኔጋቲቪቲ ልዩነቱ ከ1.7 በላይ ከሆነ ቦንዱ አዮኒክ (ኤሌክትሮኑ ጨርሶ የተሻገረበት) ነው፣ በቃ።»

እውነታ፦ የኖን-ፖላርና የፖላር ድንበር የሚባለው 0.5፣ የፖላርና የአዮኒክ ድንበር የሚባለው 1.7፣ ሁለቱም ለማስታወስ የተመቹ ምልክቶች እንጂ በተፈጥሮ የተተከሉ ችካሎች አይደሉም፤ መጻሕፍቱም ራሳቸው በቁጥሮቹ አይስማሙም። ሃይድሮጅንና ፍሎሪን 1.78 ይለያያሉ። በደንቡ ብንሄድ ሃይድሮጅን ፍሎራይድ አዮኒክ በሆነ ነበር፤ እሱ ግን 20 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ የሚፈላ፣ በሞለኪውል የተሠራ ነገር ነው። ሶዲየምና አዮዲን ደግሞ 1.73 ብቻ ተለያይተው ከ600 ዲግሪ በላይ ካልጋለ የማይቀልጥ አዮኒክ ክሪስታል ይሠራሉ። ቁጥሩን ከማመን በፊት የተገናኙት ብረትና ኢ-ብረት ወይስ ሁለት ኢ-ብረቶች መሆናቸውን ማየት ይበጃል።

ተረት 4፦ «ቦንዱ ፖላር ከሆነ ሞለኪውሉም ፖላር ነው።»

እውነታ፦ ፈተና ላይ ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው። ገመድ ጉተታን አስቡ። በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ሁለቱ ኦክስጅኖች ከካርቦኑ ግራና ቀኝ በአንድ ቀጥታ መስመር ቆመው በእኩል ኃይል ይጎትታሉ። እያንዳንዱ ቦንድ ፖላር ነው፤ ጉተታው ግን ተጣፍቶ ሞለኪውሉ ኖን-ፖላር ይሆናል። ውኃ ግን ጎባጣ ነው፤ ሁለቱ ቦንዶቹ 104.5 ዲግሪ ያህል ተከፍተው ስለቆሙ ጉተታቸው አይጣፋም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ሳይሆን ሁለት ነው፦ ስለ ቦንዱ ሲጠየቅ ቁጥሩን እንቀንሳለን፤ ስለ ሞለኪውሉ ሲጠየቅ ቅርጹን እንስላለን።

ተረት 5፦ «ዘይትና ውኃ ይገፋፋሉ፤ ዘይት ምንም ፖላር ቦንድ የለውም።»

እውነታ፦ ሁለቱም ስህተት ነው። የዘይትና የውኃ ሞለኪውሎች በመጠኑ ይሳሳባሉ፤ ነገር ግን የውኃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል እጅግ ስለሚበልጥ ለዘይቱ መግቢያ አይሰጡም። ዘይትም ቢሆን ካርቦንና ኦክስጅን የተያያዙባቸው ፖላር ቦንዶች አሉት፤ ረጃጅሞቹ የካርቦንና የሃይድሮጅን ጭራዎች ግን ይውጧቸዋል።

ወደ ወጡ ዕቃ እንመለስ። የጨው አዮኖች ፖላር የሆነው ውኃ ከቧቸው ሄደዋል። በርበሬን ከሚያቀሉት ዋናው ካፕሳንቲን ነው፤ በ3 ኦክስጅኖቹ ዙሪያ ፖላር ቦንዶች አሉት። ነገር ግን 40 ካርቦን ስላለው በጥቅሉ እንደ ዘይቱ ወደ ኖን-ፖላር ያደላል። ቦንዶቹን ብቻ ያየ ሰው «በውኃ ይለቃል» ይል ነበር፤ ሞለኪውሉን ሙሉውን ያየ ግን ዘይቱን ያነሣል።